አረንጓዴ ክር ያለው ጓጉንቸር

የአገሩን ስም አልናገርም። የሚያውቀው ያውቀዋል፤ የማያውቀውም ታሪኩን ሲሰማ የራሱ አገር ይመስለዋልና ስም መጥራቱ ለማንም አይጠቅምም።

በዚያ አገር ሰው ለሩቅ ዘመዱ መልእክት የሚልከው በቅል ነበር። የደረቀች ቅል አንስቶ በአፏ ወደ ውስጥ ይናገራል፤ ድምፁ እዚያው ይቀመጣል፤ ተቀባዩ ቅሏን ጆሮው ላይ ሲደፋት የላኪው ድምፅ ከነሳሉ ከነሲቃው ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ደግ ነው። ክፋቱ ከሕጉ ነበር። ቅል ውታፍ እንዳይኖረው በአዋጅ ተከልክሏል። "ቃል አየር ካላገኘ ይሻግታል" ይላል አዋጁ። ቃል ሲሻግት ያየ ሰው አልነበረም፤ ግን አዋጁን ያረቀቁት ሊቃውንት ናቸውና ማን ደፍሮ ይጠይቃል።

በየመንገዱ ኬላ፣ በየኬላው ደግሞ ጆሮ የሚባል ሹም ተቀምጧል። ሥራው የምታልፈውን ቅል ሁሉ ጆሮው ላይ ደፍቶ ቃሉ መሻገት አለመሻገቱን መመርመር ነው። ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይበላል፣ ካባ ይለብሳል፣ በሠርግ ላይ ከፊት ይቀመጣል። የጆሮዎች ሁሉ አለቃ ሊቀ ጆሮ አስረስ ይባላል። "ንጹሕ ሰው ምን የሚደብቀው ነገር አለ?" ማለት ይወዳል፤ ይህንንም የሚለው በሦስት ዙር አጥር ከታጠረ ግቢው ውስጥ፣ ውሾቹ እየጮኹ ነው።

ጆሮዎቹ ሰምተው ዝም ቢሉ እንኳ ባልከፋ። ግን የሰሙትን አንድ ሌሊት ማሳደር አይችሉም ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ በዚያ አገር አፋፉ ኬላው ላይ ነበር።

እናኑ የምትባል የበርበሬ ነጋዴ ይህን በራሷ ላይ አይታዋለች። አግብታ ልጅ እምቢ ባላት ጊዜ፣ መድኃኒት ታውቃለች ለምትባል አክስቷ በቅል ላከችላት። ቅሏ አክስቷ ዘንድ ሳትደርስ፣ በቀጣዩ ቅዳሜ አንዲት የማታውቃት ጌሾ ሻጭ ገበያ መሐል አስቆመቻትና "የኔ እህት፣ ሥራ ሥር ሞክረሽ ታውቂያለሽ?" አለቻት። ባሏም ነገሩን ከጠላ ቤት ሰማው። ትዳሩ ከዚያ ወዲያ አልቆመም። እናኑ ያኔ ያለቀሰችውን ልቅሶ ለማንም በቅል አልላከችም።

እንዲህ ዓይነት ውርደት የደረሰበት ሰው በየመንደሩ ሞልቷል። ድሃ ሲዋረድ ግን ሕግ አይነቃነቅም። ሕጉ የተነቃነቀው ነገሩ ንጉሡን መቀመጫው ላይ ሲነካው ነው።

ንጉሡን ኪንታሮት ያዘው። የት እንደሚያመው፣ እንዴት እንደሚያቃጥለው፣ ሌሊት በምን ጎኑ እንደሚተኛ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለባለመድኃኒቱ በወርቅ በተለበጠች ቅል ላከ። ቅሏ ኬላዎቹን አልፋ ስትደርስ ባለመድኃኒቱ ቅጠሉን ቀጥቅጦ ጠበቃት፤ ከገበያ ሰምቶ ነበር። በማግሥቱ የቤተ መንግሥቱ ደጅ በታማኝ ሕዝብ ተጥለቀለቀ። አንዱ የገለባ ትራስ፣ ሌላው ቅቤ በቅምጫና ይዞ "እኔ በዚህ ነው የዳንኩት" እያለ ይጋፋል።

ንጉሡ አንጥረኞቹን ጠርቶ "ይህን ነገር ዝጉልኝ!" አላቸው። ቃል አየር ካላገኘ ይሻግታል ያሉት ሊቃውንት ያን ዕለት ጉንፋን ይዟቸው ከቤት አልወጡም።

አንጥረኞቹ የሠሩት ሥራ፣ እውነቱን መናገር ካለብን፣ የሚደነቅ ነበር። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጓጉንቸር ያሠራል። መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ ከባለቤቱ አንገት አይወርድም። ጓጉንቸሮቹን ግን እንደ ተከፈቱ ለወዳጅ ዘመዱ ያድላቸዋል። ሊልክለት የፈለገ ሰው ቃሉን ቅል ውስጥ ይናገርና በተቀባዩ ጓጉንቸር ቀጭ ያደርጋታል። ቀጭ ካለች በኋላ ላኪው ራሱ እንኳ ሊከፍታት አይችልም። በግድ የሰበራት እንደሆነ ድምፁ በንኖ ይጠፋል። ጆሮዎቹ ቅሏ ከማን ወጥታ ወደ ማን እንደምትሄድ ያያሉ፤ በሆዷ የያዘችውን አያውቁም።

አገሩ ያን ጊዜ ትንፋሽ አገኘ። የታመመ ሰው ሳያፍር ታመምኩ አለ። የተጣሉ ባልና ሚስት ጎረቤት ሳይገባበት ታረቁ። ነጋዴ ዋጋውን ለሸሪኩ ሲልክ ተቀናቃኙ ቀድሞ ገበያ አልጠበቀውም። እናኑም ከስንት ዘመን በኋላ ለአክስቷ ላከችላት፤ አክስቷ ብቻ ሰማቻት።

እናኑ ጉልላት የሚባል ታናሽ ወንድም ነበራት። የግራ ዓይኑ ቆብ ትንሽ የወደቀ፣ ነገረኛ፣ ለግጥም ምላሱ የፈጠነ ሰው ነው። ዓይኑን ምን እንደነካው ለጠየቀው ሁሉ "ከዛፍ ወድቄ" ይላል። እውነቱን የሚያውቁት እናኑና አባታቸው ብቻ ነበሩ። ከቤታቸው ጓሮ ዋርካው ሥር የአባታቸው ቀፎ አለ። አንድ ቀን ቀፎው ዝም ቢል ጉልላት ንቡ ጥሎ የሄደ መስሎት እጁን ሰደደ። ንቡ አልሄደም ነበር። ዓይኑ አብጦ ሳምንት ሙሉ አልተገለጠም። አባታቸው እየሳቁ "ዝም ያለ ቀፎ ባዶ አይደለም፣ ልጄ" አሉት። ከዚያ ወዲያ ወንድምና እህት አለልክ የጣፈጠ ነገር በቀረበላቸው ቁጥር "ዝም ያለ ቀፎ" ተባብለው ይጠቃቀሱ ነበር።

ይህ ጉልላት ጓጉንቸር በተጀመረ ሰሞን፣ የንጉሡ ኪንታሮት ወሬ ገና ሳይበርድ፣ ሠርግ ላይ ተነሥቶ፣

ወርቅ ዙፋን ሠርተው ሐር ቢያነጥፉለት፣
ምን ዋጋ አለው መንበር መቀመጥ ካልሆነለት።

ብሎ ገጠመ። ሕዝቡ ሳቀ፤ ወታደር ተላከ። ጉልላት ከድንበሩ ገደል ማዶ ተሻግሮ አመለጠ። ሲሄድ ክፍት ጓጉንቸሮቹን ለእህቱ ትቶላት ነበርና ለዓመታት በቅል ተነጋገሩ። መልሱ ሲመጣላት በራሷ መክፈቻ ከፍታ፣ ቅሏን ጆሮዋ ላይ ደፍታ ብቻዋን ትስቃለች። ዘመዱ የከዳ ሰው ገደሉን እንዳይሻገር ተከልክሏል፤ ለመንገደኛ የቃል አደራ ብትሰጥም መንገደኛው የተላከውን ሁሉ ኬላው ላይ እንዲለፈልፍ ይገደዳል። የቀሯት ጓጉንቸሮቹ ነበሩ።

ሥራ የፈታ ሹም ግን አርፎ አይቀመጥም። ሊቀ ጆሮ አስረስ ንጉሡ ፊት ቀርቦ እጅ ነሣ።

"ንጉሥ ሆይ፣ አገር ልትጠፋ ነው። ሌቦች ተነሥተዋል። የራሳቸውን ጓጉንቸር 'የእገሌ ነው' እያሉ ያድላሉ፤ ሰው ለወንድሙ የላከ መስሎት ምሥጢሩን ለሌባ ያስረክባል።"

እውነቱን ነበር፤ አንድ ሁለት ሰው እንዲህ ተታሏል። ጓጉንቸሩ የማን እንደሆነ በትክክል ሳያውቁ ቀጭ ማድረግ ቃልን አሽጎ ለሌባ እንደ መላክ ነው። መድኃኒት ያስፈልገው ነበር። መድኃኒቱንም አስረስ ይዞ መጥቷል፦ ለእያንዳንዱ ጓጉንቸር "ይህ በእርግጥ የእገሌ ነው" ብሎ የሚዋስ ታማኝ ዋስ ይሾም፤ ዋስ ያገኘ ጓጉንቸር አረንጓዴ ክር ይታሰርበት።

"ዋሶቹ እነማን ይሁኑ?" አለ ንጉሡ።

"ልምድ ያለው ሰው ከየት ይገኛል ንጉሥ ሆይ? እኛው እንሁን እንጂ።"

አንድ ጠዋት የጆሮዎች አዳራሽ በር ላይ የነበረው ሰሌዳ ወረደና የዋሶች አዳራሽ የሚል ተሰቀለ። ሰዎቹ ያው፣ ካባው ያው፣ ወንበሩም ያው። ትናንት አንተ ሳትፈቅድ የሚሰማህ ሰው ዛሬ ቃልህ እንዳይሰማ ዋስህ ሆነ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ሕዝቡ ግን አረንጓዴውን ክር ወደደው። ክሩን ካየ ሌላ አይጠይቅም። በሕፃን አንገት ያስሩታል፣ በበግ ጆሮ ያስሩታል። የእናኑ ጎረቤት እትዬ የሻረግ ጎኑ በፈረሰ ጎተራቸው በር ላይ አረንጓዴ ክር ያለው ጓጉንቸር ሰቅለው አይጥ አይገባም ብለው ይተኙ ነበር። ሌቦቹም ዋሶቹ ዘንድ ሄደው፣ እጅ መንሻ ሰጥተው፣ ክራቸውን አሳስረው ወጡ።

ክር የሌለው ጓጉንቸር ደግሞ ሌላ መዓት መጣበት። እንዲህ ዓይነቱን ይዞ ኬላ የደረሰ ሰው ይቆማል፤ ጆሮው ከማማው ላይ ሆኖ "ይህ ጓጉንቸር አይታወቅም! ወደ ፊት መሄድ አደጋ አለው!" ብሎ ይጮኽበታል፤ የቆመ መንገደኛ ሁሉ ከሥጋ ደዌ እንደሚሸሽ ይሸሸዋል። ቅሏም ወደ መጣችበት ትመለሳለች።

በዚህ መሐል የእናኑና የጉልላት አባት ሞቱ። ወዲያው ነጋሪት ተጎሰመ። ንጉሡ ለጉልላት ምሕረት አድርጎለታል፤ ለአባቱ ተዝካር ይምጣ፣ አባቱን ያልቅስ፣ ማንም አይነካውም የሚል አዋጅ በገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ማዶ ተነገረ። እናኑ አዋጁን ሰምታ ልቧ ደነገጠ። ንጉሡ የረሳው ነገር የለም፤ እስካሁንም የሚቀመጠው በጎኑ ነው።

ጥርጣሬዋ ቅዳሜ ገበያ ላይ ተረጋገጠላት። የቅርቡ ኬላ ጆሮ፣ ጫንያለው የሚባለው፣ በርበሬ ሊገዛ መጣና እያስነጠሰ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

"እናኑ፣ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ግን ለማንም እንዳትነግሪ። በተዝካሩ ቀን ቁልቋል አጥራችሁ ሥር ወታደር ይተኛል። እንግዳ መስሎሽ ጠላ እንዳታቀርቢላቸው።"

"አያ ጫንያለው፣ ይህን ስንት ሰው ነግረሃል?"

"ማንንም! ከባለቤቴና ከጠጅ ቤቱ ሰዎች በቀር።"

ወንድሟን ሊገድሉት ነው። እናኑ በርበሬዋን ሳትሸጥ ሰበሰበች። ቤት ገብታ ከጉልላት ጓጉንቸሮች አንዱን አወጣች፤ ክር የሌለውን፣ እሱ በእጁ የሰጣትን። ቅል ውስጥ "አትምጣ" ብላ ተናገረች፣ ቀጭ አደረገች፣ ኬላ ወሰደች። ጫንያለው ማማው ላይ ወጣ።

"ይህ ጓጉንቸር አይታወቅም! ወደ ፊት መሄድ አደጋ አለው!"

"አያ ጫንያለው፣ የወንድሜ ጓጉንቸር እኮ ነው። ስንት ዓመት በእጅህ አልፏል!"

"እኔማ አውቀዋለሁ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እኔ ባውቀው ምን ይሆናል፣ ክር የለው! አዳራሹ ሂጂና ክር ያለው ውሰጂ።" ከዚያ እንደገና ጮኸባት፤ ወረፋ የያዘው ሰው ከእሷ ራቅ አለ።

በዋሶች አዳራሽ ሊቀ ጆሮ አስረስ ራሱ ተቀበላት። የማንን ጓጉንቸር እንደምትፈልግ ስትነግረው ዓይኑ በራ። ከሣጥን ውስጥ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አረንጓዴ ክር የታሰረበት ጓጉንቸር አወጣ።

"ይኸው፣ የወንድምሽ የጉልላት ነው። ምንም አትሥጊ። የፈለግሽውን ተናገሪ፣ መምጫውን ቀን፣ የሚሻገርበትን መልካ፣ ሁሉንም።"

እናኑ ጓጉንቸሩን አገላበጠችው።

"ጌታዬ፣ ወንድሜ ከአገር የወጣው ክር ሳይመጣ ነው። ይህን ማን አመጣላችሁ?"

"ዋሱ ነዋ።"

"ዋሱ ማነው?"

"እኛ ነን።"

"የወንድሜ መሆኑን እናንተ በምን አወቃችሁ?"

"ክሩን አታይም እንዴ?"

"ክሩን ማን አሰረው?"

"እኛ ነና! ምን ዓይነት ሴት ናት!"

"ለእናንተስ፣ ጌታዬ፣ ዋሳችሁ ማነው?"

አስረስ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም። አጠገቡ የነበሩትን ሹማምንት ተራ በተራ አየ። "እኛው ለእኛው!" አለና ጓጉንቸሩን በእጇ አስጨብጦ አስወጣት።

የዚህ ጓጉንቸር መክፈቻ ጉልላት አንገት ላይ እንደሌለ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። መክፈቻው አዳራሹ ውስጥ ነው። እትዬ የሻረግ ግን በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ክሩን ሲያዩ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

"እሰይ ልጄ! አረንጓዴ ነው! በይ አሁን ሳትሠጊ ተናገሪ።"

እናኑ አባቷ ይቀመጡበት የነበረው መደብ ላይ ቁጭ ብላ ተናደደች፣ አለቀሰች፣ ሰደበች። በታመነው ጓጉንቸር ብትልክ ጆሮዎቹ ይሰማሉ። የምታምነውን ብትልክ ኬላው አያሳልፋትም። ተዝካሩ ደግሞ ደርሷል። አዙራ አዙራ ስታስበው የጫንያለው ፊት መጣባት። እነዚህ ሰዎች ምንም ነገር ቢሰሙ ውስጣቸው አይቆይም። የንጉሡን መቀመጫ እንኳ መሸሸግ ያልቻሉ ሰዎች ናቸው። እንግዲያው ይሸከሙልኝ አለች።

ቅሏን አንሥታ ተናገረች። "ወንድሜ ጉልላት፣ እንዴት ሰነበትክ? ሁላችን ደህና ነን፣ ከሊቀ ጆሮ አስረስ በቀር። ሰውየው የሰው ወሬ አልበቃ ብሎት ከጓሯችን ዋርካው ሥር የአባባ ቀፎ ዝም ብሎ ቢያገኘው፣ 'ንቦቹ ምን እየዶለቱ ነው?' ብሎ ጆሮውን ለጠፈበት። አይ ንቦቹ! አሁን ጆሮው ሰፌድ አክሏል፤ በር የሚገባው ጎኑን አዙሮ ነው። ዝም ያለ ቀፎ ባዶ አይደለም። አደራህን፣ ለማንም እንዳትነግር።"

በአረንጓዴው ክር ጓጉንቸር ቀጭ አድርጋ ለጫንያለው ሰጠችው። ጫንያለው ክሩን አይቶ በክብር አሳለፋት።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት ጆሮዎች በመክፈቻቸው ከፍተው ሰሙ። ሳቁን እንዴት እንደቻሉት እንጃ። ለማንም ላይናገሩ ተማማሉ፤ መሐላውን ሳይጨርሱ ሦስተኛው ሰምቶ ነበር። ወሬው ጠላ ቤት ገባ፣ ከጠላ ቤት ወደ ወፍጮ፣ ከወፍጮ ወደ ገበያ፣ ከገበያ በጨው ጫኞች አፍ ገደሉን ተሻገረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ሊቀ ጆሮ አስረስ ከሁሉ መጨረሻ ሰማ። ነገሩን ሐሰት ለማድረግ ጥምጥሙን አውልቆ ገበያውን ዞረ፣ ግራ ቀኝ ጆሮውን አሳየ።

"አቤት!" አለ ሕዝቡ፣ "እንዴት ቶሎ ጎደለለት!"

እናኑን አሥረው ንጉሡ ችሎት አቆሟት። አስረስ በቁጣ ተንቀጥቅጦ ከሰሳት።

"ስሜን ያጠፋች ይህች ናት ንጉሥ ሆይ! ከሷ ነው የወጣው።"

"መናገሯን በምን አወቅህ?" አለ ንጉሡ።

"ለወንድሟ በቅል ልካ ነው።"

"ክር በሌለው ጓጉንቸር?"

እናኑ ቀደመችው።

"አረንጓዴ ክር ያለው ነው ንጉሥ ሆይ። እሳቸው ራሳቸው ናቸው በእጄ የሰጡኝ። ለወንድሜ ብቻ የነገርኩትን ሊቀ ጆሮ በምን እንደሰሙ እኔም ልጠይቅ ነበር።"

ንጉሡ ትራሱ ላይ ጎኑን ቀየረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እኔ ለባለመድኃኒቴ የምልክበት ጓጉንቸር ክሩ ምን ዓይነት ነው?" አለ።

"አረንጓዴ፣ ንጉሥ ሆይ።"

"ዋሱስ?"

"እኛው" አለ አስረስ። እናኑን መቅጣት ማለት ጓጉንቸሮቹ እንደሚከፈቱ በአደባባይ መመስከር ነው፤ ይህን ደግሞ የፈለገ አልነበረም። ወሬው ከሰማይ ወረደ ተብሎ ነገሩ ተዘጋ፣ እናኑም ወደ ቤቷ ተለቀቀች።

በተዝካሩ ቀን ወታደሮቹ ከሌሊት ጀምሮ ቁልቋሉ ሥር ተኝተው እሾህ ወጋቸው። እናኑ እንግዳ እያስተናገደች ዓይኗ ከመንገዱ አልተነቀለም። ሰምቶ ይሆን? ሰምቶስ ገብቶት ይሆን? በመንገዱ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ደጅ ትወጣለች። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አንድ ጨው ጫኝ አህዮቹን እየነዳ ደጃፏ ላይ ቆመ።

"እናኑ የምትባለው አንቺ ነሽ? ነፍስ ይማር። ከማዶ አንድ ሰው አደራ ብሎኛል፤ ኬላውም ላይ ተናግሬ ስቀው ነው ያሳለፉኝ። 'የሊቀ ጆሮን ጆሮ እግዜር ይማርልኝ፤ የእኔ ዓይን እንኳ ሳምንት ነው የፈጀበት' ብሏል። የሚያለቅሰውም እዚያው እንደሆነ ንገራት አለኝ።"

እናኑ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ጋር እንባዋም መጣ፤ ሁለቱን መለየት አቃታትና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። ለቀስተኛው ስለ አባቷ መስሎት አብሯት አለቀሰ። ቁልቋሉ ሥር የተኙት ወታደሮች ግን የጆሮው ነገር ትዝ ብሏቸው ሲስቁ ተሰሙ።

ንጉሡ በመጨረሻ ፍርድ ሰጠ። አረንጓዴ ክር እምነት አጉድሏልና ከዛሬ ጀምሮ ክሩ ቀይ ይሁን አለ። ለቀዩ ክር ሥራ ልምድ ያለው ሰው ተፈለገና ሊቀ ጆሮ አስረስ ሊቀ ክር ተብሎ ተሾመ። ሕዝቡ አዳራሹ ደጅ ተሰለፈ። እትዬ የሻረግ የጎተራቸውን ጓጉንቸር ይዘው ከፊት ቆመዋል።

"እናኑ! ነይ እንጂ ወረፋው ሳይረዝም! ቀይ ነው አሉ፣ እንደ ድሮው አይደለም!"

እናኑ በርበሬዋን አዝላ ቆም አለች። የጉልላት ጓጉንቸር እንደ ተከፈተ መቀነቷ ውስጥ ነው።

"እትዬ የሻረግ፣ ለቀዩ ክር ዋሱ ማነው?"

"እነሱው ናቸዋ፣ ልጄ።"

"ለዋሱስ ዋሱ ማነው?"

እትዬ የሻረግ የጎተራቸውን ጓጉንቸር አገላበጡት። ከኋላቸው የቆመው ሰውዬ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቀ፤ ሲነግሩት እሱም እጁ ላይ ያለውን ጓጉንቸር አየ። በሩ ላይ ይጠብቁ የነበሩት ጆሮዎች ጥያቄዋን ሰሟት። ለማንም እንዳይናገሩ ተማማሉ፤ ቅዳሜ ሳይደርስ አገሩ ሁሉ ይጠይቅ ጀመር።